44100ን ወደ 48000፦ የሲንክ ነገርና የኮዱ ጣጣ

አንድ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ጓደኛ አለኝ፣ የሆነ ጊዜ 10 ደቂቃ የሆነ የበገና ቅጂ ይዞ መጣና "ይሄ ነገር ቪዲዮው ላይ ሳስገባው ይፈጥንብኛል፣ በገናው ክራር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው" አለኝ። ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ለካ ድምፁ የተቀዳው በሰከንድ 44100 ሳምፕል (የድምፅ ልኬት ቁጥር) ነው፣ መሃል ላይ ግን አንዱ የፋይሉን ሄደር፣ ማለትም ስለፋይሉ መረጃ የሚጻፍበትን መግቢያ፣ ብቻ ነካክቶ "48000 ነው" ብሎ ጽፎበታል፣ ቁጥሩ ተቀየረ እንጂ ድምፁ የድሮው ነው። ማጫወቻው ምን ያድርግ፣ 48000 ነው ከተባለ በሰከንድ 48000 ሳምፕል እየጎረሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ 10 ደቂቃው በ9 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያልቃል፣ ቅኝቱም አንድ ሴሚቶን ተኩል ገደማ ወደ ላይ ይወጣል።

እዚህ ጋ ሶክስ ወይም ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባሉትን የድምፅ መቀየሪያ ፕሮግራሞች ከፍቶ በአንድ መስመር ትእዛዝ መገላገል ይቻል ነበር። እኔ ግን "ቆይ ራሴ እጽፍልሃለሁ" አልኩ፣ ሁለት ቅዳሜ በላብኝ። ከዛ ውስጥ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፣ ፎርሙላው ራሱ እኮ አንድ መስመር ነው፣ ሰው የሚወድቀው ዙሪያው ላይ ነው።

እስቲ ከስሩ። ማይክሮፎን የአየሩን ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፣ ሳውንድ ካርዱ ደሞ ያንን በሰከንድ 44100 ጊዜ እየለካ ቁጥር ይጽፋል፣ እያንዳንዷ ቁጥር ሳምፕል ትባላለች። ወደ 48000 መቀየር ማለት ያው ድምፅ፣ ያው ርዝመት፣ ግን በሰከንድ 48000 ጊዜ ቢለካ ኖሮ ምን ቁጥሮች ይወጡ ነበር የሚለውን ማግኘት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ለ300 አካፍሏቸው፣ 147 እና 160 ይመጣል። አንድ መንገድ አስቡ፣ በግራ በኩል 147 እኩል ቦታ በቦታ፣ በቀኝ በኩል 160 እኩል ቦታ በቦታ የመብራት እንጨት የተተከለበት፣ የግራው የድሮው ሳምፕል፣ የቀኙ አዲሱ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው፣ መንገዱ ሲያልቅ እንደገና ይገናኛሉ፣ መሃል ላይ ግን አንዱም ከአንዱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከ160 የቀኝ እንጨቶች ውስጥ 159ኙ የቆሙት በግራ በኩል ማንም ባልለካበት ቦታ ነው። የእነሱን ቁመት ከየት ታመጣለህ ነው ጥያቄው።

(44100 የሚባል ግራ የገባው ቁጥር ከየት መጣ ለምትሉ፣ ከቪዲዮ ካሴት ነው። የዛን ጊዜ ዲጂታል ድምፅ የሚቀዳው በቪዲዮ መቅጃ ላይ ስለነበረ በአንድ የምስል መስመር 3 ሳምፕል፣ በአንድ ፊልድ (የምስሉ ግማሽ) 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ፊልድ፣ አባዙት 44100 ይመጣል። በአውሮፓው የቪዲዮ ስርዓትም 3 በ294 በ50፣ ያው ነው የሚሰጣችሁ። ከዛ ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ይሄንኑ ይዞ ወጣ፣ ቪዲዮው ዓለም ደሞ 48000 ላይ ረጋ፣ እኛ እስከዛሬ በሁለቱ መሃል እንመላለሳለን።)

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሁለቱን ጎረቤት ሳምፕሎች በቀጥታ መስመር ማገናኘትና መስመሩ ላይ ማንበብ ነው። እኔም እሱን ነው መጀመሪያ የጻፍኩት፣ አምስት መስመር ኮድ፣ ይሰራል፣ ደስ ይላል፣ ጆሮ ግን የሆነ ነገር ይሸተዋል። በቁጥር ልንገራችሁ፣ 10000 ኸርዝ የሆነ ንጹህ ፉጨት በ44100 ሲለካ ለአንድ ዙር አራት ተኩል የማይሞላ ሳምፕል ነው ያለው፣ አራት ነጥብ በመስመር ስታገናኙ ክብ አይወጣም፣ ጎባጣ ድንኳን ነው የሚወጣው። ውጤቱ ፉጨቱ ራሱ ወደ 84 በመቶ ይወርዳል፣ በዛ ላይ መጀመሪያ ያልነበረ 13900 ኸርዝ ላይ የሚጮህ ጥላ ይወለዳል፣ ከዋናው 7 በመቶ የሚሆን። ለምን 13900 ከተባለ፣ የ10000ው የመስታወት ምስል 44100 ሲቀነስ 10000 ማለትም 34100 ላይ አለ፣ ቀጥታ መስመሩ እሱን በደንብ ስለማያጠፋው በ48000 ስትለኩት ታጥፎ 48000 ሲቀነስ 34100 ላይ ያርፋል። ለስልክ ጥሪ ደወል ግድ የለም። በገና ላይ ግን፣ ያ የሚነዝረው ድምፁ፣ ጅማቱ ስር የምትገባዋ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ የምታመጣው ማለቴ ነው፣ እላይ ድረስ የተደራረበ ድምፅ ነው፣ እያንዳንዷ ደርብ የራሷን ጥላ ይዛ ስትመጣ ንዝረቱ አሸዋ የገባበት ይመስላል።

እሺ ትክክለኛው ቁመት ይታወቃል ወይ? ይታወቃል፣ እኔን የሚገርመኝም እሱ ነው። ዊቴከር እ.ኤ.አ. በ1915፣ ኮቴልኒኮቭ በ1933፣ ሻነን ደሞ በ1949 በየራሳቸው መንገድ ያሳዩት ነገር አለ፦ ድምፁ ውስጥ ከሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ ከሚለካበት ብዛት) ግማሽ በላይ የሆነ ፍሪኩዌንሲ ከሌለ፣ በሳምፕሎቹ መሃል ያለው ሞገድ አንድና አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ አማራጭ የለውም። ስለዚህ የግምት ስራ አይደለም የምንሰራው፣ መልሱ እዛው ቁጥሮቹ ውስጥ ተቀምጧል፣ ማውጣት ነው።

የሚያወጣው መሳሪያ ሲንክ ይባላል፣ ፓይን በርቀቱ አባዙና ሳይኑን ውሰዱ፣ ከዛ ለራሱ ለብዜቱ አካፍሉት፣ አለቀ። ቅርጹ መሃሉ ላይ ቁመቱ 1 የሆነ ጉብታ ነው፣ ከዛ ግራና ቀኝ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ እየደከመ ይሄዳል፣ ዋናው ነገር ግን በየሙሉ ቁጥሩ ላይ፣ 1 ላይ፣ 2 ላይ፣ 3 ላይ፣ ልክ ዜሮን ይረግጣል። እያንዳንዷ ሳምፕል የራሷን ሲንክ በራሷ ቁመት ልክ አባዝታ ትተክላለች፣ የሌላዋ ሳምፕል ቦታ ጋ ሲደርስ ዜሮ ስለሚሆን የጎረቤቱን ድንበር አይገፋም፣ ሁሉም ሳምፕል ላይ የነበረው ቁመት እንዳለ ይቆያል፣ መሃል ላይ ግን የሁሉም ጅራት ተደምሮ ያንን አንድዬውን ሞገድ ይሰጣችኋል። ስለዚህ 17.35 የሚባል ቦታ ላይ ቁመት ከፈለጋችሁ ለ17ኛው ሳምፕል ርቀቱ 0.35 ነው፣ ለ18ኛው ደሞ −0.65፣ ለ16ኛው 1.35፣ እያላችሁ እያንዳንዱን በሲንኩ እያባዛችሁ መደመር ነው።

ችግሩ የሲንክ ጅራት አያልቅም። ለአንዲት ሳምፕል ብላችሁ የፋይሉን ሁሉ ሳምፕል መደመር ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ መቁረጥ ግዴታ ነው፣ እኔ ግራ 32 ቀኝ 32፣ በጠቅላላ 64 ላይ ቆረጥኩት። ግን ዝም ብሎ በመቀስ ከተቆረጠ መጥፋት ያለበት ነገር 21 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚወርደው፣ ደሞ የሚያናድደው 64ቱን 640 ብታደርጉትም ያቺ 21 ንቅንቅ አትልም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ያለው የአቆራረጡ ድንገተኛነት ላይ ነው። መፍትሄው ጫፉን ቀስ እያደረጉ ማክሰም ነው፣ ማለትም ሲንኩን መሃሉ 1 ሆኖ ወደ ጫፎቹ ዜሮ እየሆነ በሚሄድ ዊንዶው ማባዛት። ሃን የሚባለው 44 ዴሲቤል ይሰጣችኋል፣ ብላክማን 74 ገደማ፣ እኔ የምወደው ግን ካይዘርን ነው ምክንያቱም አንድ የምትጠመዘዝ ቁልፍ አለችው፣ ቤታ ትባላለች፣ የምትፈልጉትን ዴሲቤል ትነግሯትና ቅርጹን ትሰጣችኋለች። ከ50 ዴሲቤል በላይ ለሆነ፣ ቤታ ማለት 0.1102 ሲባዛ በ(ዴሲቤሉ ሲቀነስ 8.7) ነው። 80 ዴሲቤል ስል 7.857 መጣልኝ፣ 80 ዴሲቤል ማለት የማይፈለገው ነገር አስር ሺህ እጥፍ አነሰ ማለት ነው።

ካይዘር ውስጥ ቤሰል የሚባል ፋንክሽን አለ፣ ሰው ስሙን ሲሰማ ይሸሻል፣ ኮዱ ግን አራት መስመር ነው። 1 ላይ ጀምሩ፣ በየዙሩ ያለችውን ቁጥር በ(ግቤቱ ሲካፈል ለ2) ካሬ አባዙና ለዙሩ ቁጥር ካሬ አካፍሉ፣ እየደመራችሁ ሂዱ፣ 25 ዙር ከበቂ በላይ ነው። ዊንዶው ማለት ታዲያ ቤሰል የ(ቤታ ሲባዛ በ(1 ሲቀነስ ዩ ካሬ) ስኩዌር ሩት) ሲካፈል ለቤሰል የቤታ፣ ዩ ማለት ርቀቱ ሲካፈል ለ32።

64 ነጥብ ይበቃል ወይ? በዚህ ቤታ ፊልተሩ፣ ማለትም ሲንኩ ከነዊንዶው፣ ከ"አሳልፍ" ወደ "ዝጋ" ለመሸጋገር ወደ 3.5 ኪሎ ኸርዝ ቦታ ይፈልጋል፣ መሃሉን 22050 ላይ ካደረግነው ከ20300 አካባቢ ጀምሮ እየወረደ 23800 ላይ ይዘጋል። የ48000 ግማሽ 24000 ስለሆነ ከዛ በፊት ተዘግቷል፣ የቀረችው ትንሽ ትርፍ ደሞ ሰው በማይሰማው ቦታ ናት። ስለዚህ ለዚህ ስራ ይበቃል፣ የበለጠ ስለታም ከፈለጋችሁ ነጥቡን ጨምሩ፣ ዋጋው ፍጥነት ነው።

አሁን ኮዱ። የመጀመሪያው ስሪቴ ለእያንዳንዱ የውጤት ሳምፕል 64 ጊዜ ሳይንና ቤሰል ያሰላ ነበር፣ ለአንድ ሰከንድ ድምፅ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሳይን ማለት ነው፣ ላፕቶፑ ፋኑን እንደ ወፍጮ ቤት አስጮኸው። ለካ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር የምሰራው፣ የቀኝ እንጨቶቹ አቀማመጥ እኮ በየ160ው ይደገማል! ሊኖሩ የሚችሉት ሽርፍራፊ ቦታዎች 160 ብቻ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ 64 ቁጥር አስቀድሜ ባሰላ 10240 ቁጥር፣ በ4 ባይት 40 ኪሎ ባይት፣ አንዴ ተሰርቶ ያለቀለት ቴብል ነው። ከዛ በኋላ ዋናው ሉፕ ማባዛትና መደመር ብቻ ይቀረዋል፣ በየትኛውም ቋንቋ ጻፉት እንዲህ ነው የሚሆነው (ቦታ የግራው እንጨት ቁጥር ነው፣ ትርፍ ደሞ ከሱ ያለፍነው ከ160 ስንት እጅ እንደሆነ)፦

ቦታ = 0፣ ትርፍ = 0
ቦታ ከግብዓቱ ርዝመት እስካነሰ ድረስ፦
    ድምር = 0
    ለ ክ ከ0 እስከ 63፦
        ድምር += ግብዓት[ቦታ − 31 + ክ] × ቴብል[ትርፍ][ክ]
    ድምርን ውጤት ላይ ጨምር
    ትርፍ += 147
    ትርፍ 160 ወይም በላይ ከሆነ፦ ትርፍ −= 160፣ ቦታ += 1

ቴብሉ ውስጥ ያለው ርቀት ደሞ ትርፍ ሲካፈል ለ160 ሲቀነስ (ክ − 31) ነው፣ እሱን ሲንክ ውስጥም ዊንዶው ውስጥም ከትታችሁ ታባዛላችሁ። ከፋይሉ መጀመሪያ በፊትና ከመጨረሻው በኋላ ያለውን ዜሮ ነው ብላችሁ አንብቡ።

ቴብሉ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ርቀቱ ልክ ዜሮ ሲሆን ዜሮ ለዜሮ ይካፈላል፣ ኮምፒውተሩ "ቁጥር አይደለም" የሚል ነገር ይሰጣችኋል፣ እሱ ደሞ የነካውን ድምር ሁሉ ይበክላል። እዛ ጋ በእጃችሁ 1 አድርጉት። እኔ ረስቼው አንዲት የቴብል ሳጥን ብቻ ናት የተበላሸችው፣ ግን ሁለቱ እንጨቶች በሰከንድ 300 ጊዜ ስለሚገናኙ 300 ጊዜ በሰከንድ የሚያንቋርር ነገር ነበር የሰማሁት። ሁለተኛ የእያንዳንዱን ረድፍ 64 ቁጥሮች ደምራችሁ ድምሩ 1 እንዲሆን አካፍሉ፣ ካልሆነ አንዱ ረድፍ ትንሽ ያጎላል ሌላው ትንሽ ያሳንሳል።

ሬሾው እንደዚህ የተስተካከለ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ፍጥነቱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ 160 ረድፍ አይሰራም። ያኔ ሲንኩን በጣም አድቅቆ ቴብል ላይ አስቀምጦ በሁለት ሳጥኖች መሃል በቀጥታ መስመር ማንበብ ነው፣ ጁሊየስ ስሚዝ የሚባል የስታንፎርድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረባው ጋር ያወጣው ዘዴ ነው፣ ዛሬም ብዙ ላይብረሪ የቆመው በሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ሉፑ ውስጥ ያያችኋት ትርፍ የምትባል ሙሉ ቁጥር መጀመሪያ አልነበረችኝም። ቦታን በ32 ቢት ፍሎት (ሽርፍራፊ ያለው ቁጥር መያዣ) ይዤ በየዙሩ 0.91875 እደምር ነበር፣ ማለትም 147 ሲካፈል ለ160፣ ምን ችግር አለው ብዬ። በ5 ሰከንድ ናሙና ሞከርኩት፣ ምንም አይልም፣ ቆንጆ። ከዛ የበገናውን 10 ደቂቃ ሰጠሁትና ቡና ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ፕሮግራሙ አልጨረሰም፣ ሃርድ ዲስኩ ሊሞላ ነው፣ ፋይሉ ጊጋ ባይት እየቆጠረ ነው። ገድዬው የተጻፈውን ሳዳምጥ ደሞ 24 ሰከንድ አካባቢ በገናው ዝቅ ይላል፣ ወደ 50 ሰከንድ ሲጠጋ ብድግ ብሎ ከፍ ይልና በዛው ይቀጥላል፣ ስድስት ደቂቃ አካባቢ ላይ ጸጥ። ከዛ በኋላ ጸጥታ ብቻ፣ ማለቂያ የሌለው።

ምን ሆኖ ነው? 32 ቢት ፍሎት ያለው ትክክለኛነት 24 ቢት ብቻ ነው፣ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ለሽርፍራፊው የሚቀረው ቦታ ያንሳል። የቦታ ቁጥሩ 1048576 ሲያልፍ፣ በ44100 23.8 ሰከንድ ላይ ማለት ነው፣ ፍሎቱ መራመድ የሚችለው በ0.125 እርከን ብቻ ይሆናል፣ 0.91875 ብዬ የደመርኩት 0.875 ሆኖ ይጠጋጋል፣ ድምፁ ዘገየ። 2097152 ሲያልፍ እርከኑ 0.25 ይሆናል፣ 0.91875 አሁን ወደ 1 ይጠጋጋል፣ ድምፁ ፈጠነ፣ ጓደኛዬ ይዞልኝ የመጣው ስህተት ራሱ በኔ ኮድ ተመልሶ መጣ። 16777216 ላይ ሲደርስ እርከኑ 2 ይሆናል፣ 0.91875 የእርከኑን ግማሽ ስለማይሞላ ወደ ዜሮ ይጠጋጋል፣ ቦታ ከዛች ሳምፕል ላይ አይነቃነቅም፣ ሉፑ ደሞ "ቦታ ከርዝመቱ እስካነሰ" ስለሚል ዓለም እስኪያልፍ ያቺኑ ሳምፕል ይጽፋል። 16777216 ሲካፈል ለ44100፣ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሆነ የቅጂው ቦታ ላይ ነው የተቸነከረው። ደብል (64 ቢት ፍሎት) ብትጠቀሙ ይሄ አይደርስባችሁም፣ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ግን ጭራሽ የሚጠጋጋ ነገር የለም፣ ለዛ ነው 147 እየደመርኩ 160 የምቀንሰው።

ወደ ታች ስትቀይሩ ሌላ ወጥመድ አለ። ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሞዴሎች፣ ዊስፐርን ጨምሮ፣ በብዛት 16000 ነው የሚፈልጉት። የ16000 ግማሽ 8000 ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ነገር መጥፋት አለበት፣ አለዚያ ይታጠፋል፣ 9000 የነበረው 7000 ሆኖ ይመጣል። "ሰ" ስትሉ የምትወጣው ፉጨት ከ8000 በላይ ብዙ ነገር አላት፣ ሳትጠፋ ታጥፋ ስትመለስ ድምፁ እየተፋጨ ነው የሚሰማችሁ፣ ሞዴሉም አማርኛ ሳይሆን ጣቃ ሲቀደድ ነው የሚሰማው። ማስተካከያው ቀላል ነው ግን ሰው ይረሳዋል፦ ሬሾው 160 ለ441፣ ማለትም 0.363 ገደማ ነው፣ ሲንኩ ውስጥ ርቀቱን በዚህ አባዙ፣ ውጤቱንም በዚሁ አባዙ፣ ዊንዶውንም በዛው ልክ አስፉት፣ 64 የነበረው ነጥብ 177 ይሆናል። ነጥቡን 64 ላይ ትታችሁ ሲንኩን ብቻ ካሰፋችሁ ፊልተሩ ደነዘዘ ማለት ነው፣ 8000 አካባቢ ያለው ይሾልካል። ደሞ ሽግግሩ 8000ን እንዳያልፍ መቁረጫውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው።

ስትሪም ለምትሰሩ፣ ድምፁን በ1024 ቁራጭ እየተቀበላችሁ ከሆነ፣ ካለፈው ቁራጭ የመጨረሻዎቹን 63 ሳምፕሎች ያዙ፣ ትርፍ የምትባለዋንም ዜሮ አታድርጓት። በየቁራጩ እንደ አዲስ ከጀመራችሁ በሰከንድ 43 ጊዜ ቀጭ ትላለች፣ ሲደጋገም ትራንስፎርመር ስር የቆማችሁ ይመስላችኋል።

አንዷ ደሞ ብዙ ጊዜ የምታስደነግጥ፦ ግብዓቱ ከ1 ያልበለጠ ሆኖ ውጤቱ ከ1 ሊበልጥ ይችላል፣ ይሄ የኮድ ስህተት አይደለም። የሞገዱ ጫፍ በሁለት ሳምፕሎች መሃል ተደብቆ ከነበረ አዲሱ እንጨት ልክ ጫፉ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የሳምፕል ሬቱ ሩብ የሆነ ፉጨት ሳምፕሎቹ ሁሉ ±1 ላይ እንዲያርፉ አድርጋችሁ ብትሰሩት እውነተኛ ጫፉ 1.414 ነው። ወደ 16 ቢት ስትመልሱ ከላይና ከታች ካልገደባችሁት 32768 ተገልብጦ −32768 ይሆንና ጆሮ የሚበጣ ቀጭታ ይወጣል። እኔ ከመጀመሪያው 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጌ ነው የምሰራው፣ በዛ ላይ ገደቡን አስቀምጣለሁ።

ልክ መስራቱን በጆሮ ብቻ አትመኑት፣ የኔ ጆሮ ቀጥታ መስመሩንም "ይሄማ ቆንጆ ነው" ብሎ አሳልፎት ነበር። መጀመሪያ ቁጠሩ፣ 10 ደቂቃ በ44100 26460000 ሳምፕል ነው፣ በ48000 ደሞ 28800000፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ መምጣት አለበት፣ ያ የፍሎት ጣጣ በዚህች ቆጠራ ብቻ ይጋለጥ ነበር። ቀጥሎ ከ20 ኸርዝ ተነስቶ እስከ 20000 የሚወጣ ፉጨት ስሩና አስቀይራችሁ ስፔክትሮግራም (ፍሪኩዌንሲው በጊዜ ውስጥ ሲቀያየር የሚያሳይ ስዕል) ላይ እዩት። አንዲት ወደ ላይ የምትወጣ መስመር ብቻ ናት መታየት ያለባት። የኔ የቀጥታ መስመሩ ስሪት ላይ መስመሯ ስትወጣ ሌላ ደብዛዛ መስመር 3900 ኸርዝ ከሷ በላይ ሆና እየደመቀች አብራት ትወጣለች፣ ከሲንኩ በኋላ ያቺ ሁለተኛዋ መስመር የለችም።